መጨረሻ የሚገባው

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ ኢዘዲን፣

እንዴት ከረምክ? ጤናህን ልጠይቅ ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ እጄ ለምዶት ነው። ኩላሊትህ ከእንግዲህ አያምህምና እሱን ትቼዋለሁ። ቦታውስ አይጠብህም? ብርዱስ እንዴት ነው? የሮቤ ብርድ ዘንድሮ ከጥቅምት ጀምሮ ብሶበታል። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ብርሃንም ያድርግልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስንዴው ደርሶ ኮምባይነሮቹ መንገዱን ሞልተውታል።

ዋናው ወሬ የሳይክል እሁድ ነው። አንተ በነሐሴ ከተለየኸን ወዲህ ሁለት ወር ቀርቶ ነበር። ባጃጅና ሚኒባስ የለመደ ሰው በወር አንድ እሁድ እንኳ ከሮቤ ጎባ በሳይክል እንዲሄድ ስንቱን ቤት ለቤት እየዞርክ ነበር የቀሰቀስከው! ባለፈው ሳምንት አብሮህ የጀመረው የስፖርት አስተማሪያችን ቲቸር ዘመንፈስቅዱስ አስጠራኝና «ሙደሲር፣ መጨረሻ የሚነዳ ሰው ከሌለኝ ሰዉን አለቅም፤ እንዲያውም ለዘለቄታው እተወዋለሁ» አለኝ። ሳይክልህን ለሰው ልሰጠው እንዳሰብኩ ነገርኩት። ክፍላችን ያለችው ሊድያ ሰምታ «ለኔ ስጠኛ! አንተ ጎባ ድረስ ከጭድ ጋር በጋሪ ተጭነህ ትመጣለህ» ብላ አሳቀችብኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጨረሻ መንዳትህ ያናድደኝ ነበር። ጉልበት አለህ፤ ሁሉንም መቅደም ስትችል የጎማ መንፊያህን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ሁሌ ወደ ኋላ ከምትቀረው ከእትዬ ሰንበቴ ኋላ ታዘግማለህ። ደግሞ የመጨረሻው ሰው ሳይገባ ለማንም ሻይ አይቀዳም ብለህ ደንግገሃል። እኔ ቀድሜ ጎባ ደርሼ በብርድ ስንቀጠቀጥ አንተ ብቅ ትላለህ፤ ሰዉ «ገባ!» ለማለት በኦሮምኛ «ገሌ! ገሌ!» ብሎ ሲጮህ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። አንድ ቀን እንኳ አብሬ አልጮህኩም።

እማዬ ሰላም ብላሃለች። ጃኬትህን አጥባ ሚስማሩ ላይ መልሳ ሰቅላዋለች። አባባም ሰላም ይልሃል፤ ሱቁን እንደ ድሮው በጊዜ ይከፍታል፣ ከደንበኛ ጋር መጫወት ግን ትቷል። ታናሻችን ኢህሳን ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። የሳይክልህን ደወል በመጣች በሄደች ቁጥር ስለምትደውል እማዬ ትደነግጣለች፤ ግን አትቆጣትም።

ትናንት ጠዋት እግሬን ጎትቶ የሚቀሰቅሰኝ ስላልነበረ ራሴ ተነሳሁ። ሱብሂ ሰግጄ ጎማውን ነፋሁና መንፊያህን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። መቀመጫውን ለቁመትህ እንዳስተካከልከው ተውኩት፤ ስቀመጥ መሬት የሚነካው የጣቴ ጫፍ ብቻ ነው። ሐሳቤ እስከ አየር ማረፊያው መገንጠያ ሸኝቻቸው መመለስ ነበር። ለቲቸርም ለማንም አልተናገርኩም።

ቲቸር መንፊያህን አንገቴ ላይ ሲያይ ሰዉን ለቀቀ፤ አርባ የሚሆን ሰው ወጣ። መገንጠያው ጋ ስደርስ ሁሉም ርቀዋል፤ እትዬ ሰንበቴ ብቻ ካቴናዋ ወልቆ መንገድ ዳር ቆማለች። «አንተ ልጅ፣ ዛሬስ ቆየህ! ወንድምህ ቢሆን ይኼኔ ሠርቶልኝ ነበር» አለችኝ። ካቴናውን መለስኩላት፣ እጄ በግራሶ ጠቆረ። ሳይክሏ ላይ ወጣችና ዳገቱን ያዘች። አንዴ እንኳ ዞር ብላ አላየችም፤ መከተሌን አልተጠራጠረችም። መሪዬን ወደ ሮቤ አዙሬ ነበር። ትንሽ ቆሜ ጀርባዋን አየሁና መልሼ አዞርኩት።

ጎባ ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ባዶ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። የሻይ በራዶቹ እንደተከደኑ ናቸው። እትዬ ሰንበቴ ስትገባ ማንም አልጮኸም፤ ሁሉም ከኋላዋ ያለውን መንገድ ያያል። ከዚያ እኔ ገባሁ። መጀመሪያ የጮኸችው ሊድያ ናት፣ «ገሌ!» አለች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። መንፊያህን ከአንገቴ ሳላወርድ እኔም አብሬያቸው ጮህኩ።

ሻዩ ተቀዳ።

ታናሽህ ሙደሲር
ሮቤ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.