ለዓለምፀሐይ አራት ልጆች የወለደላት ኮምፒዩተር

ዓለምፀሐይ ካረፈች በሠላሳ ሦስተኛው ቀን

ለክቡር አቶ ባንታየሁ ወርቅነህ
የሰባተኛው መንገድ የመረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ኢስትሊ፣ ናይሮቢ

ጉዳዩ፦ ስለተሸለምኩት አዲስ ላፕቶፕ የመጀመሪያ አስተያየቴን ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናን እየተመኘሁ፣ በስብሰባው ቀን ያስቸገረዎት ጉንፋን ለቆዎት፣ ድምፅዎም እንደ ወትሮው ከአዳራሹ ተነሥቶ እስከ ማታቱ ታክሲዎቹ ማቆሚያ የሚሰማ ሆኖ ይህ ደብዳቤ እንዲያገኝዎት ምኞቴ ነው። እኔ ከኀፍረቴ በቀር ደህና ነኝ።

በቀብር ላይ የሚነበበውን የሟቾች የሕይወት ታሪክ አሥራ አንድ ዓመት በእጄ ስጽፍ መኖሬን እድራችን አስቦ፣ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ ላፕቶፕ እንደሸለመኝ ይታወሳል። በዚያ ዕለት እርስዎ «ከእንግዲህ ሙታኖቻችንን በእጅ ጽሑፍ አናሳፍርም» ሲሉ ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። የተሰደበችው የገዛ እጄ መሆኗ የገባኝ ቤቴ ገብቼ ስታጠብ ነው። ዕቃውን ሲያስረክቡኝ «ተጠቀሚበትና አስተያየትሽን በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ» ብለው ስላዘዙኝ፣ ትእዛዝ አክባሪ ነኝና እነሆ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መልኩ። እጅግ ያማረ ነው። ቀጭን ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ክዳኑ ላይ ጣት ሲያርፍበት አሻራ ይይዛል። ሳይበራ መስተዋቱ ጥቁር ስለሆነ መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ፊት ነው። ለፎቶው ከፍቼ ደረቴ ላይ እንድይዘውና ፈገግ እንድል ስታዘዝ ማሽኑ ጠፍቶ እንደነበር ልብ ያለ ሰው ያለ አይመስለኝም። አዳራሹ ውስጥ በተሰቀለው ፎቶ ላይ ያልበራ ነገር ታቅፋ የምትስቀው ሴት እኔ ነኝ፤ ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፊደሎቹ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት አሥመራ በልጅነቴ፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ወረቀቱ የተቀደደበት ቦታ ስደርስ ቀሪውን ከራሴ እየጨመርኩ አነብ ነበር። በዚህም አላፍርም። ነገር ግን ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል ለምዶ የኖረ ሰው ማሽኑን ከፍቶ አንድ «ሀ» እንኳ ሲያጣ ምን እንደሚያስብ ክቡርነትዎ ይፍረዱኝ። የቀሩት ፊደሎች ተረስተው ይሆናል ብዬ ካርቶኑን ገልብጬ አራገፍኩት። ከፕላስቲክና ከአንዲት የማድረቂያ ከረጢት በቀር የወደቀ የለም። ከዚያም ማሽኑን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ከቤታችን ሥር የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ወዳላት ወደ ላሚያ ወረድኩና ሰው እንዳይሰማ በጆሮዋ «እድሩን ሸውደውታል» አልኳት። ላሚያ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። መጀመሪያ ሳቀች። ፊቴን ስታየው ግን ደነገጠችና «ሀኩና ሺዳ ማማ፣ ችግር የለም፣ ፊደሉ ውስጥ ነው ያለው፣ እኔ አወጣልሻለሁ» አለችኝ። አወጣችልኝም። በእንግሊዝኛው ፊደል እየነካሁ አማርኛው ሲወጣ ማየት፣ በሰው ቤት በር ገብቶ የራስን ሳሎን እንደማግኘት ነው። በመጀመሪያው ቀን ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ መስመር ጻፍኩ። በእጄ ቢሆን ዘጠኝ ገጽ ይሆን ነበር፤ ሆኖም በእጅ ጽሑፍ ማሳፈር ስለቀረ አልቆጨኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ ቀዩ መስመር። ማሽኑ የሰውን ስም ሁሉ ሥሩን በቀይ ያሰምርበታል። «ዘርእዝጊ» አባቴ ነው፤ ተሰመረበት። «ሃረጉ» እኔ ነኝ፤ ተሰመረብኝ። «ባንታየሁ» የሚለውንም ለመሞከር ያህል ጽፌ ነበር፤ ውጤቱ ከእኛ የተለየ አለመሆኑን በታላቅ ሐዘን እገልጻለሁ። ስለ ሁላችንም የሰማው ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ላሚያን ብጠይቃት «ፖሌ ማማ፣ አይዞሽ፣ አያውቃችሁም እኮ፣ ለዚያ ነው» አለችኝ። ይህን እንደ ቅሬታ ሳይሆን እንደ ምስጋና ይቁጠሩልኝ። የማያውቀውን ሰው አላውቅም የሚል ሌላ አካል በእድራችን ውስጥ አላጋጠመኝም።

አራተኛ። ይህንን ቁጥር የሰጠሁት ለሥርዓቱ ነው እንጂ ቅሬታው በራሴ ላይ ነው።

እስከ ዛሬ ሰው ሲሞት ለቅሶ ቤት እሄድና ወረቀት ሳላወጣ ከሴቶቹ ጋር እቀመጥ ነበር። ማን ማንን ምን ብሎ ይጠራ እንደነበር፣ ሟች ምን ያስቃቸው እንደነበር አዳምጬ ስመለስ ነው ስክሪብቶ የማነሣው። ዓለምፀሐይ ማክሰኞ ዐርፋ ቀብሯ ለሐሙስ ሲቆረጥ ግን ለቅሶ ቤት አልሄድኩም። ለማሽኑ ጊዜ ያስፈልገኝ ነበርና ላሚያ ሱቅ ውስጥ ተቀመጥኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ስሟንና የአባቷን ስም ብቻ ጽፌ ላብ ሲያጠምቀኝ ላሚያ ያየችኝ ጊዜ፣ «ማማ፣ ምን አደከመሽ? ያለፈውን ኮፒ አድርጊና ስሙን ቀይሪ፤ ኦፊስ ሁሉ የሚሠራው እንደዚያ ነው» አለችኝ። ያለፈው የተባለው፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ያረፉት ባልቴት ታሪክ ነው፤ እኔ በእጄ ጽፌው ላሚያ ራሷ ወደ ማሽኑ ያስገባችው። እውነቱን ልናገርና፣ «ኦፊስ» የሚለው ቃል ደስ አሰኘኝ።

ስሙን ቀየርኩ። አባትን፣ የትውልድ ቦታን፣ ዓመተ ምሕረትን ቀየርኩ። መስተዋቱ እስከሚያልቅበት ድረስ አንድም ሳላስቀር አረምኩ። እኔ የማውቀው ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ካለቀ አለቀ ነው። ጽሑፉ ከመስተዋቱ በታች እንደሚቀጥል አላወቅሁም። ሐሙስ ጠዋት ከማተሚያው ሁለት ወረቀት ሲወጣ ሁለተኛው ለመዝገብ ቤት ያዘዙት ቅጂ መሰለኝ። የቀብሩ መኪና በር ላይ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። ሁለቱንም በፖስታ አድርጌ ሳላነብ ለእርስዎ ሰጠሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያላነበብኩትን ወረቀት ለሰው ስሰጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የመጀመሪያውን ገጽ ግሩም አድርገው አነበቡት። ሁለተኛውን ገልጠው «አራት ልጆቿን በሥርዓት አሳድጋ፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅታ» ሲሉ ድምፅዎ ተንቀጠቀጠ፤ መሐረብም አወጡ። ስለ እንባዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ልጅ ላልወለደች ሴት ስለ ባልቴቷ አራት ልጆች ማልቀስ ለሁሉም የሚሰጥ ጸጋ አይደለም። እኔ ከኋላዎ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። «ይቁም» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። እኔ ግን ጫማዬን አየሁ። ሻል ያለ ሰው ይናገር ይሆናል ብዬ ቀና ስል ሁሉም ጫማውን ያያል።

ቀና ያለች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። የዓለምፀሐይ ታናሽ እህት ሩሐማ ከሻሸመኔ በሞያሌ በኩል ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ በዚያው ንጋት ነበር የደረሰችው። እህትማማቾቹ ከተያዩ ሠላሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ የሚገናኙት በበዓል ቀን ለጥቂት ደቂቃ በስልክ ነበር። ሩሐማ «አራት ልጆቿን» የሚለውን ስትሰማ ልቅሶዋን አቋርጣ ወደ ሕዝቡ ዞረች። እህቷን የሚመስል ፊት እየፈለገች አንድ በአንድ ታየን ጀመር። እኔንም አየችኝ።

ለቅሶ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዛ «እትዬ ሃረጉ፣ ልጆቹ የታሉ? ምን በድያት ነው የደበቀችኝ?» አለችኝ። «ውሃ ላምጣልሽ» ብያት ወጣሁ፤ ውሃውንም አላመጣሁ። እርስዎን በጠየቀችዎት ጊዜ ደግሞ «ውጭ አገር ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ኮሚቴው ያጣራል» ብለው አጽናኗት። ኮሚቴው እስከ ዛሬ በማጣራት ላይ ስለሆነ ድካሙን ሳላመሰግን አላልፍም። ሌሎቻችንም ይሉኝታ ይዞን፣ ሊቀመንበሩን ከምናሳፍር ብለን «እንጃ፣ ስለ ቤተሰቧ ብዙም አታወራም ነበር» እያልን ሸኘናት። ለሦስት ቀን የመጣችው ሩሐማም ልጆቹ ለአርባው ይመጣሉ ብላ በእህቷ ክፍል ቀረች። ከጎረቤት አራት ፍራሽ ተውሳ፣ ወለሉ ላይ ደርድራ አንጥፋ ትጠብቅ ነበር።

ጥፋቴን ይዤ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ይታረም ብዬ በለመንኩበት ዕለት እርስዎ «ሕዝብ ያለቀሰበት ጽሑፍ አይታረምም» አሉኝ። «ደግሞስ እኔ የሴትዮዋን የቤተሰብ ሁኔታ በምን አውቄ?» አሉ። ከዚያም ያው ጽሑፍ ከፎቶዋ ጋር በቀለም ታትሞ በአርባዋ ለሕዝብ እንዲታደል ተወሰነ። ቃለ ጉባኤው ላይ ነገሩ «ጥቃቅን የቴክኒክ ችግር» ተብሎ ሰፍሯል። አራት ሰው ያህል ነገር ጥቃቅን ተብሎ ስለታለፈልኝ፣ ምሕረትዎ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ተረድቻለሁ።

አርባዋ የዛሬ ሳምንት ነው። በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ጽሑፍ እንዳይታተም፣ በምትኩም ለቅሶ ቤት ዘግይቼ ሄጄ፣ ወረቀት ሳላወጣ ተቀምጬ የሰማሁት ይህ እንዲነበብ፦

«ዓለምፀሐይ ልጅ አልወለደችም። በሰባተኛው መንገድ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በረንዳ ሥር፣ በእግር በሚሠራ የስፌት መኪና ሃያ ስምንት ዓመት ሻንጣ ስትጠግን ኖረች። ከዚህ ሰፈር ወደ ካናዳም ሆነ ወደ አውስትራሊያ የሄደ ሰው ዚፑን ያሠራው እሷ ዘንድ ነው። ‹ቶሮንቶ ሳይደርስ ከተበላሸ መልሰህ አምጣው፣ ዋስትና አለው› ትል ነበር። መልሶ ያመጣ የለም። የእሷ የራሷ የጉዞ ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ውድቅ ሆኗል፤ ሁለተኛው ውድቅ በሆነበት ቀን ስድስት ሻንጣ ሰፍታ ነው የገባችው። ስትናደድ ክሩን በመቀስ መቁረጡን ትታ በጥርሷ ትበጥሰው ነበር። ክርስትና ስትጠራ ለሕፃኑ ልብስ ሰፍታ ትልክና ራሷ ትቀራለች። ለምን እንደምትቀር እናውቅ ስለነበር ማናችንም ‹ነይ እንጂ› አላልናትም። አንዲት እህት አለቻት፤ ስሟ ሩሐማ ይባላል።»

ክቡር ሊቀመንበር፣ ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ ከመለጠፌ በፊት ትናንት ከሰዓት ወደ ሩሐማ ይዤው ሄጄ ከላይ እስከዚህ መስመር ድረስ ያለውን አነበብኩላት። ስጨርስ «እሺ አራቱስ ይቅሩ፤ አንድስ?» አለችኝ። አንድም የለም አልኳት። ተነሥታ ፍራሾቹን ትጠቀልል ጀመር፤ እኔም በገመድ አሰርኩላት። ሦስቱን ተሸክመን ለየባለቤቶቹ መለስን። ለአራተኛው ስጎነበስ ግን እግሯን ጫነችበት። «ልጆች የሰጠሽኝ አንቺ፣ የወሰድሽብኝም አንቺ፤ እስከ አርባው ብቻዬን አታሳድሪኝም» አለችኝ። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ጽሕፈት ቤቱ ለማንኛውም ጉዳይ ቢፈልገኝ አድራሻዬ የዓለምፀሐይ ክፍል መሆኑን አስታውቃለሁ።

ክቡርነትዎ ይህን ረጅም ጽሑፍ በትዕግሥት እንደሚመለከቱልኝ በመተማመን፣ የተሰጠኝን ሽልማት ክዳኑን ወልውዬ፣ ከእነ ካርቶኑና ከእነ ማድረቂያ ከረጢቱ ለቀጣዩ ተሸላሚ ዝግጁ አድርጌ፣ ስላሳፈርኳት ሟችና ስላሳሳትኳት እህቷ የእድሩን አባላት ሁሉ ይቅርታ እየለመንኩ፣ ለእርስዎም የሚገባዎትን ክብር አንዲት ሳላጎድል እሰናበታለሁ።

ሃረጉ ዘርእዝጊ
በገዛ እጇ

ግልባጭ፦
ለእድሩ አባላት በሙሉ
ለወይዘሮ ሩሐማ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለፈው ዓመት «ሞት አይታወቅም፣ አስቀምጪልኝ» ብለው በአደራ የሰጡኝ ሦስት ገጽ የራስዎ የሕይወት ታሪክ በእጅ የተጻፈ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በአዲሱ ደንብ መሠረት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሼልዎታለሁ። በገጽ ሁለት፣ ከመልካም ሥራዎችዎ ዝርዝር ውስጥ «ልጅ ያልነበራትን ጎረቤቴን ዓለምፀሐይን በየበዓሉ እጠይቅ ነበር» የሚለውን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ ስህተት አላገኘሁበትም።