ስለ ትንሿ ላፕቶፕ ሆድ መከፈት

ለተከበሩ የንብረትና ጥገና መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ያ ሰባት ወር ሙሉ ሲያርፍ የከረመው ብዕርዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ማየት በተሳናቸው ተማሪዎች ትምህርት ቤት የንባብ መምህርት ስሆን፣ ጤንነቴም ባለፈው ሐሙስ ደብዳቤዎ እስኪደርሰኝ ድረስ ደህና ነበር።

በሁለት ማኅተም ያጌጠው፣ ከሁለቱም አንደኛው ተገልብጦ ያረፈበት ደብዳቤዎ እንደሚለው «ያለ ፈቃድ የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ ሆድ በመክፈትና የውስጥ ዲስኩን በገዛ እጄ በመቀየር» ከባድ ጥፋት ፈጽሜያለሁ። ክሱን አልክድም፤ ከፍቻለሁ፣ ቀይሬያለሁ፣ መልሼም ገጥሜያለሁ። የደነገጥኩት በመጨረሻው መስመር ነው። በንብረት መዝገቡ ላይ የሰፈረው የአሮጌው ዲስክ መለያ ቁጥር ስለሆነ፣ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ አሮጌውን መልሼ በማስገባት ላፕቶፑን «ወደ ነበረበት ሁኔታ» እንዳስረክብ፣ አዲሱም ዲስክ መዝገብ የማያውቀው ባዕድ ነውና የያዘው ሁሉ ተደምስሶ ግምጃ ቤት እንዲገባ አዘዋል። አምስተኛው ቀን ነገ ነው። ስለዚህ የነበረበት ሁኔታ ምን እንደነበር እርስዎም ሆኑ ይህን ደብዳቤ የምለጥፍበትን የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚያነቡ ሁሉ እንዲረዱት፣ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ ላቀርብ ተገድጃለሁ።

1. ስለ ሰባቱ ወራት አመሰግናለሁ። ላፕቶፗ ከደብተር ብዙም የማትበልጥ ትንሽ ናት፤ ከሦስት እህቶቿ ጋር በአንድ ቀን ተገዝታ እሷ ለእኛ ስትደርስ፣ አንደኛዋ እህቷ ወደ እርስዎ ቢሮ እንደገባች አስታውሳለሁ። ሕመሟን መጀመሪያ ያወቁት ተማሪዎቼ ናቸው። አንድ ቀን በትምህርት መሃል፣ ፊት ወንበር የምትቀመጥ ተማሪዬ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ይቺ ነገር ጥርሷን እያፋጨች ነው» አለችኝ። እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር። ጆሮዬን አስጠግቼ ባዳምጥ ግን ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ፤ ሃርድ ዲስኩ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ይዟል። በዚያው ቀን የጥገና ቅጽ ሞላሁ። ቅጹ ጠፋ ተባልኩና ሌላ ሞላሁ፤ ሁለተኛው ደግሞ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እየጠበቀ መሆኑን ጸሐፊዎ በየሳምንቱ በትሕትና ሲነግሩኝ፣ እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። በአራተኛው ወር የጥገና ባለሙያዎ መጥተው ላፕቶፗን ከላይም ከታችም አገላብጠው ካዩ በኋላ «የሚታይ ችግር የለም» ብለው ጽፈው ሄዱ። ይህን ለተማሪዎቼ ሳነብላቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሚታይ ነገር የለም ተብሎ ሥራ የሚቆም ቢሆን ኖሮ፣ እኛ ይህን ትምህርት ቤት ገና ድሮ ዘግተን ቁልፉን አስረክበንዎት ነበር።

2. ስለ ቁጥር አርባ መመሪያዎም አመሰግናለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ፋይል ወደ ግል ፍላሽ መገልበጥ የሚከለክለውን፣ የላፕቶፖቹንም መሰኪያ ሁሉ በወረቀትና በማኅተም ያሳሸገውን መመሪያ ማለቴ ነው። ሌሎቹ መምህራን ወረቀቱን በጥፍራቸው አንስተው፣ የፈለጉትን ገልብጠው፣ በምራቅ መልሰው ለጥፈውታል። እኔ ሞኝ ነኝና ታዘዝኩ። በዚህ የተነሳ በላፕቶፗ ውስጥ ያለው ነገር ሌላ ቅጂ በዓለም ላይ የለውም።

ምን አለ በውስጧ የሚሉ እንደሆነ፣ ጋሽ ማዕዘን አሉ። ስማቸው ከደመወዝ ዝርዝር ላይ ስለተሰረዘ አያስታውሱት ይሆናል፤ ተማሪዎቻቸው ያወጡላቸው ግን ይህ ነበር። የጂኦሜትሪ መምህራችን ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት በፊት አርፈዋል፤ በቦታቸውም እስከ ዛሬ ሰው አልተቀጠረም። ሰውየው ሥዕል ሳይኖር ቅርጽ የሚያስተምሩ ነበሩ። ክንዳችሁን እጠፉ፣ ክርናችሁ ላይ ማዕዘን አለ፣ አሁን ቀስ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ እያደገ ነው ይላሉ፤ ክፍሉ በሙሉ ክንዱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ሊያርፉ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ነገሩ ገብቷቸው ነው መሰለኝ፣ ከእኔ ጋር ተቀምጠው ስልሳ አንድ ትምህርት በድምፅ ቀረጹ። አሥራ አራተኛው ላይ ሳል ይይዛቸውና ይቅርታ ጠይቀው ውሃ ይጠጣሉ። ተማሪዎቹ ቦታውን በቃላቸው ስለሚያውቁት እዚያ ሲደርሱ አብረዋቸው ይስላሉ። የማጠቃለያ ፈተናው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ጂኦሜትሪውን የሚያስተምራቸው ሌላ ሰው ስለሌለ፣ ልጆቹ ያላቸው ይህ ድምፅ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሬን ለጊዜው ላቁምና ጥፋቴን እንዴት እንደፈጸምኩ በዝርዝር ላስረዳ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴው መርምሮ ለመጨረስ ሌላ ሰባት ወር እንዳይፈጅበት በማሰብ ነው።

ዲስኩ በቀን አምስት ጊዜ ቀጥ ማለት ሲጀምር አዲስ ገዛሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤት ስመጣ፣ ለማንም አልነገርኩም ብዬ ሳስብ፣ አሥራ ዘጠኙም ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። በመጀመሪያ የመሰኪያውን ማኅተም አነሳሁ (ይህ ጥፋት በደብዳቤዎ ላይ ስለተረሳ እባክዎ ይጨመርልኝ)፤ አዲሱን ዲስክ ከነማቀፊያው በገመድ አገናኝቼ የአሮጌውን ሁሉ ወደ እሱ መገልበጥ ጀመርኩ። አራት ሰዓት ፈጀ። በመቶኛ የሚቆጥረውን ሰሌዳ እኔ እያየሁ ስናገር፣ እነሱ ዲስኩን ያዳምጡ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከሰሌዳው ይልቅ እነሱን አመንኩ። ዘጠና ሦስት ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። ክቡር ሆይ፣ አሥራ ዘጠኙም ጆሯቸውን ወደ ዲስኩ አስጠጉ። እኔም በሕይወቴ ብዙ ሰዎችን በልቤ ረግሜአለሁ፤ እንደዚያን ዕለት ግን በስም፣ በማዕረግና በመምሪያ ለይቼ ረግሜ አላውቅም። ከዚያ ቀጭ አለና ቀጠለ፤ መቶ ከሞላ በኋላ ግን አሮጌው ዲስክ ዳግመኛ አልተነሳም።

ቀጥሎ ላፕቶፗን አጥፍቼ ገለበጥኳት። ከሥሯ አሥር ብሎኖች አሏት፤ ሁለቱ የጎማ እግሮቿ ሥር ተደብቀዋል። ከመነጽር ጠጋኙ ጎረቤቴ በተዋስኩት ካቻቢቴ ሁሉንም ፈትቼ ሳህን ላይ አኖርኳቸው። ሽፋኑን ለማላቀቅ ቀጭንና ጠንካራ ነገር ስፈልግ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ካርዴን ተጠቀምኩ፤ በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ይህ መታወቂያ አንድ ነገር ሲከፍትልኝ የመጀመሪያው ነው። የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ፣ አሮጌውን ዲስክ ከማስቀመጫው አወጣሁ፣ አዲሱን በቦታው አስገባሁ። 

ያን ጊዜ በክርኔ የብሎኖቹን ሳህን ነካሁትና ሁሉም ወለሉ ላይ ተበተኑ። የስልኬን መብራት አብርቼ በጉልበቴ ስድህ ቆይቼ ያገኘሁት ሦስት ነው። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ታገሡኝ፣ ከዚያ ሰለቻቸው። በአንድ መስመር ተንበርክከው ወለሉን በመዳፋቸው ከግድግዳ ግድግዳ ጠረጉት፤ ያመጡልኝም በርዝመታቸው ተለይቶ፣ አጭሩ ለብቻ፣ ረጅሙ ለብቻ ሆኖ ነው። ስንቆጥር አሥራ አንድ ሆነ። አንዱ የላፕቶፗ አይደለም፤ ከየትኛው ወንበር ወይም ጠረጴዛ እንደወለቀም አልታወቀም። ምንም ንብረት ከመዝገብ ውጭ መሆን እንደሌለበት ስለማውቅ፣ አሥራ አንደኛውን ብሎን በዚህ ደብዳቤ ግርጌ በፕላስተር ለጥፌ አስረክቤያለሁ። ደረሰኝ እጠብቃለሁ።

ላፕቶፗን ገጥሜ ስከፍታት ወዲያው ተነሳች። አሥራ አራተኛውን ትምህርት አጫወትኩ። ጋሽ ማዕዘን ሳሉ፣ አሥራ ዘጠኝ ተማሪም አብሮ ሳለ። እኔ አለቀስኩ፤ ይህም በሥራ ሰዓት ያልተፈጸመ መሆኑ ይመዝገብልኝ።

3. አሁን ወደ ቁጥሬ ልመለስ። ከሁሉም አስበልጬ የማመሰግንዎ ስለ መዝገቡ ነው። በመዝገቡ መሠረት የሞተው ዲስክ በሕይወት አለ፣ በሕይወት ያለው ዲስክ ግን አልተወለደም። ጋሽ ማዕዘንን አንድ ጊዜ በሞት አጥተናቸዋል፤ ሁለተኛውን ሞታቸውን ግን በፊርማዎ ያዘዙት እርስዎ ነዎት፤ ለዚህኛው ፊርማ ደግሞ አንድ ቀን እንኳን አልዘገዩም። ስለ ፍጥነትዎ ያለኝን አድናቆት በቃላት መግለጽ ያቅተኛል። ተማሪዎቼን ሰብስቤ ትእዛዙን ባነበብኩላቸው ጊዜ የፊት ወንበሯ ልጅ ኃላፊው ትምህርቶቹን ሰምተዋቸው ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እንግዲያው ይምጡና አንዱን ብቻ ከእኛ ጋር ይስሙ አለች። ግብዣውን በክብር አስተላልፋለሁ፤ ክንድዎን ማጠፍና መዘርጋት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት።

እስከዚያው ድረስ ትእዛዝዎን እንደማልፈጽም በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። አዲሱ ዲስክ ካለበት አይወጣም። ደመወዝ መቅጣት ካስፈለገ ደመወዜ ይቀጣ፣ ማዘዋወር ካስፈለገ ከፈተናው በኋላ የትም ልዛወር። አሮጌው ዲስክ በፖስታ ታሽጎ መሳቢያዬ ውስጥ ይገኛል፤ መለያ ቁጥሩ ሙሉ ነው፣ ቁጥሩን ለማንበብም ማብራት አያስፈልግም።

ብዕርዎ ዕድሜና ጤና እንዲሰጠው፣ የማኅተምዎም ቀለም እንዳይደርቅ እየተመኘሁ፣ በመመሪያ ቁጥር አርባ ሥር በታዛዥነት የኖርኩ፣ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ግን በጥፋተኝነቴ ደህና እንቅልፍ የምተኛ፣

የንባብ መምህርቷ

ግልባጭ፦
ለአሥራ ዘጠኙ ተማሪዎች፣ በብሬል
ለዲሲፕሊን ኮሚቴ
ካቻቢቴውን ላዋሰኝ መነጽር ጠጋኝ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ማስጠንቀቂያዎ በደረሰኝ ማግስት፣ ዓርብ ዕለት፣ ጸሐፊዎ አንዲት በጋዜጣ የተጠቀለለች ትንሽ ላፕቶፕ ከነአዲስ ዲስኳ በዘንቢል ይዘው መጥተው፣ ለማንም ሳልናገር እጄን እንዳሳርፍባት ለምነውኝ ነበር። የማን እንደሆነች አልነገሩኝም፤ ገና ሳበራት ግን ተማሪዎቼ የዲስኳን ማፋጨት ሰምተው የእኛዋ እህት መጣች ብለዋል። በውስጧ የአንዲት ልጅ ፎቶዎች ከጨቅላነቷ ጀምሮ እንዳሉና ሌላ ቅጂ እንደሌላቸው ከጸሐፊዎ ሰምቼ፣ ያቺ እህት ወደ ማን ቢሮ እንደገባች ስለማውቅ፣ ለእርስዎ አዝኛለሁ። ቁጥር አርባን ከእኔ ሌላ የታዘዘ ሰው እርስዎ ብቻ ነበሩ ማለት ነው። ፎቶዎቹ ሁሉም ድነዋል፤ አልከፈትኳቸውም፤ ዲስኩም ተቀይሯል፤ ላፕቶፗም ጠረጴዛዬ ላይ ዝግጁ ሆና ትጠብቅዎታለች። ሆኖም የእርሷም አዲስ ዲስክ መለያ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አይገጥምምና፣ እንዳለች ልስጥዎት ወይስ ወደ ነበረችበት ሁኔታ ልመልሳት፣ እስከ ነገ ድረስ በጽሑፍ፣ ፈርመውና ማኅተም አድርገው እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሚጽፉልኝን መልስ ለሁለቱም እህትማማቾች እኩል ተግባራዊ አደርገዋለሁ።