ለተሾመ፣ ስለሰጠሁህ አስፕሪን

ሆዴ ተሾመ፣

እንደምን አለህ አልልህም፤ ያለህበትን እግዜር ያውቃል። ከተለየኸን ሰባት ዓመት ሊሆን ነው።

የለገሃሬው ቤታችን ቆርቆሮ ተቀየረ። የውሃ በርሜሉንም ቢምቢ እንዳይራባበት ሁልጊዜ እከድነዋለሁ። የቀበሌው ስብሰባ አሁንም እሁድ እሁድ ነው፤ እንዳንተው ከኋላ ተቀምጬ አንቀላፋለሁ። ልጃችን ሰናይት አስራ አምስት ሞላት። በቁመት በልጣኛለች፣ ነገረኝነቷ ግን ያንተው ነው።

ያን ሰሞን ትኩሳቱ ሲይዝህ ሁላችንም ወባ ነው አልን። ድሬ ላይ ሌላ ምን ይባላል? በአምስተኛው ቀን ሲለቅህ እልል አልኩ። አንተም ጢምህን ተላጭተህ ባቡር ጥገናው ካልሄድኩ ብለህ ታገልከኝ። ጎረቤታችን ሐሊማ ክንድህ በልዞ ብታይ፣ አቦ፣ ባልሽን ትደበድቢዋለሽ እንዴ ብላ አሾፈች፤ ሦስታችንም በሳቅ ፍርስ አልን። ድድህ ሲደማ እንኳ በመፋቂያው አሳበብን።

ራስህንና መገጣጠሚያህን ያምህ ስለነበር ጠዋት ማታ አስፕሪን እሰጥህ ነበር። አንተ ደግሞ ኪኒን ስትጠላ! እንደ ሕፃን እያባበልኩ አስዋጥኩህ። ከዚያ ነስሮህ አልቆም ሲል ሐኪም ቤት ወሰድንህ። ሐኪሙ ወባ አይደለም፣ ቢምቢ የሚያመጣው ሌላ ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት የሚሉት ነገር በጣም አንሶበታል አለኝ። ምን እንደሰጠሁህም ጠየቀኝ። ስነግረው መዝገቡ ላይ ጻፈው። ከዚያ፣ አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል አለ። ደም ሰጡህ፤ አልሆነም። በሦስተኛው ቀን ጥለኸኝ ሄድክ።

ይህን ለእናትህ እንኳ አልተናገርኩም።

ባለፈው ወር ሰናይትን ያው ትኩሳት ያዛት። ሐሊማ ለደግነቷ አስፕሪን ይዛ ብትመጣ ከእጇ መንጭቄ ወረወርኩት። ልጃችን አሁን ድናለች፣ ተመስገን። ግን ምክንያቱን ሳትሰማ አለቀቀችኝም። አባትሽን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ ያኔ የኪኒኑን ውሃ በብርጭቆ የማቀብለው እኮ እኔ ነበርኩ፣ እኔም ገደልኩት ማለት ነው ወይ አለችኝ።

ወይኔ ተሾመ! በስምንት ዓመቷ፣ እንዳይፈስባት በሁለት እጇ ይዛው ስትመጣ ታየችኝ። አንቺማ ምን አጠፋሽ፣ እንዲድን ብለሽ ነው እንጂ ብዬ አቀፍኳት። ለሷ ያልኩት ለራሴም እንደሚሆን የገባኝ ኋላ ነው።

አልረሳህም ሆዴ። ከእንግዲህ ግን ይቅርታ ሳልለምንህ ላስታውስህ ነው።

ያንተው አልማዝ