ማንኪያዋን አትቅመሺላት

እታለም፣ የፋብሪካው ሰርቪስ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባ እየነፋ ነው፣ ይህን ጽፌልሽ ልሮጥ ነው።

ሚጣን የያዛት አንቺ እንደምትዪው ጉንፋን አይደለም። መቼ አሳላት፣ መቼ ንፍጥ ነበራት? ትኩሳቱ የጀመራት ቀን በስልኬ መብራት አፏን ሳይ ቶንሲሏ አብጦ ነጭ ነጭ ነገር ጣል ጣል ብሎበት ነበር። ሐኪሟም ጉሮሮዋን በጥጥ ነክታ መርምራ ባክቴሪያ ነው ብላለች።

ሽሮፑ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ነቅንቀሽ ስጫት። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ መዝለል ጀመረች ብለሽ እንዳታቆሚ። እስኪያልቅ ነው፤ ካቋረጥነው ኋላ ልቧን ሊጎዳት ይችላል አሉኝ። ምራቋን መዋጥ ካቃታት ወይ ትንፋሽ ካጠራት እኔን አትጠብቂ፣ ይዘሻት ሂጂ።

"አይመርም፣ እዪኝ" እያልሽ ማንኪያዋን መላሱን ግን ተዪ። ይጋባል።
ጠዋት ሻይ ስትውጪ ፊትሽ ሲጨማደድ አይቻለሁ። አንቺም ታከሚ።

ትናንት ማታ የጮህኩብሽ በማንኪያው ይመስልሽ ይሆናል፤ አይደለም።

እኔ እናቷ ስሰጣት ጥርሷን ነክሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አንቺን ስታይ አፏን ትከፍታለች።

ዛሬ ማታ ከመድኃኒቷ ሰዓት ቀድሜ ብገባ እንኳ እጠብቅሻለሁ። አንቺው ስጫት።