ከሃርላን መኪና የተረፈችው ብረት

የሃርላንን መኪና ያጠፋው ወንድማችን ዌንዴል ነው። ከሰላምታ በፊት ይህን በመጻፌ አትቀየሚኝ፤ ይዤው ማደር አቃተኝ።

እህት ዓለሜ ኦኔዳ፣ ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ያ ዝናባችሁ ሲበረታ ይብስበታል ወይስ ተሻለው? ባልሽ ኦርቪልስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ፤ እጄ ብቻ ብዕር አልለመደም። እስከ ዛሬ እኔ እየነገርኩት ደብዳቤዬን የሚጽፍልኝ ዌንዴል እንደነበር ታውቂያለሽ። ይህን ግን በእሱ እጅ ላስጽፈው አልችልም። ፊደሌ ቢጣመም የራሴ ነውና ታገሺኝ።

ባሌ ሃርላን ሲሞት ያን የ1951 ሃድሰን መኪናውን ለዌንዴል በአደራ ሰጠሁት። ዝገቱን አስለቅቄ፣ እንደ ድሮው አድርጌ፣ ከቤተሰብ ሳይወጣ አኖረዋለሁ ብሎኝ ነበር። ልየው ብዬ በሄድኩ ቁጥር ግን አቧራው ሳንባሽን ይጎዳዋል እያለ ከመጋዘኑ በር ይመልሰኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ የአሮጌ መኪና ወዳጆቹ ማኅበር በቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ መኪኖቹን ሲያሳይ ሃድሰኑን አየሁት። አረንጓዴ ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራል። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ከሹፌሩ ጎን በቦታዬ ተቀመጥኩና እንደ ልማዴ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ከምንጣፉ ስር ሰደድኩ። ወለሉ የተበሳ ጊዜ ሃርላን የዳቦ መጋገሪያዬን ቀጥቅጦ የበየደው እዚያ ነበር። ጠርዙ ተረከዜን እየቆረቆረኝ ነው ዕድሜ ልኬን አብሬው የተጓዝኩት። አሁን ወለሉ ልሙጥ ነው።

መጋገሪያዬስ የት ሄደ ስለው ዌንዴል ሳቀ። "አዲስ ወለል ነዋ፣ እታለም። ሰው ለመጋገሪያ ያለቅሳል?"

አብሮት የሠራው ክላይድ ደግሞ ቢራውን ይዞ፣ "ወለሉ ብቻ መሰለሽ? ቦዲው በሙሉ ከአሪዞና የመጣ ነው። በረሃ የኖረ ብረት ዝገት አያውቅም። አልነገረሽም እንዴ?" አለኝ። ዌንዴል ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ።

የሃርላንን መኪና ቦዲ ለብረት ሻጭ ሰጥቶ አስጨፍልቆታል። የተረፈችው የሻንሲ ቁጥሩ የተቀረጸባት፣ ከመዳፌ የማትበልጥ ብረት ናት፤ እሷን ነቅሎ ከአሪዞና በመጣው ቦዲ በር አጠገብ ቸንክሯታል። "ቁጥሯ እኮ ናት መኪናው፤ መንግሥትም የሚያውቀው እሷን ነው" አለኝ።

ለካስ ሊሸጠው ኖሯል። ቅዳሜ ከኢንዲያና ገዢ ይመጣል። ከአንድ ቤተሰብ እጅ ያልወጣ መኪና ዋጋው ከፍ ስለሚል፣ ቦታሽ ላይ ተቀምጠሽ ለገዢው ባሌ ከአዲስነቱ ጀምሮ የነዳው ይኸው ነው በይልኝ አለኝ። ጫማዬን አድርጌ ልወርድ ስል፣ "አንዲት ቃል ነች፣ እታለም። ስንት ዓመት ደብዳቤሽን የጻፍኩልሽ እኔ አይደለሁም?" አለኝ።

ኦርቪልን አደራ፣ ደረቱን ይሸፍን በይልኝ። ልጅሽን ሎሬታን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ለባሏም ሰላም በይልኝ። ትንሹን ዴልን አክስትህ አሁን ራሷ ትጽፍልሃለች በይው።

ዌንዴል ቅዳሜ መጥቶ በሬን ቢያንኳኳ አልከፍትም። ከእንግዲህ ያ ወንበር ላይ አልቀመጥም፤ ያ መኪና የሃርላን ነው ብዬም ለማንም አልመሰክርም።

እህትሽ ቨርሊን
ሊማ አጠገብ፣ ኦሃዮ
እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 1988