የአያቴ ሥራ

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

የታሪክ አስተማሪያችን ሚስ ታነር ዛሬ ስለ ቤተሰቧ ስም ነገረችን። ታነር ማለት ድሮ በእንግሊዝ አገር ቆዳ ፋቂ ማለት ነበር። የታነር ቤተሰብ ዓርማ ያለበት የጋሻ ሥዕልም አሳየችን። "ጋሻው የሌላ ታነር ነው፣ የኛዎቹ ድሆች ነበሩ፤ ስሙ ግን የኛም ነው" ብላ ሳቀች። ምንም አላፈረችም። ከዚያ እያንዳንዳችን የአያታችንን ሥራ በጋሻ ላይ ስለን ነገ እንድናመጣ አዘዘችን።

ቤት ስገባ እማዬን ጠየቅኳት። መጀመሪያ በሩን ዘጋች።

"ገበሬ ነበር በይ።"

"ገበሬ ነበር?"

"ቆዳ ፋቂ ነበር። ቅዳሜ የልጁ ቤተሰቦች እህትሽን ሊጠይቁ ሽማግሌ ይልካሉ። የፋቂ ዘር መሆናችንን እዚህ ጀፕ ገበያ ካሉት ያገራችን ነጋዴዎች አንዱ ከሰማ ሠርጉ ቀረ።"

"ጸሎት ቤት አብረውን ይዘምሩ የለ?"

"መዘመር ሌላ፣ መጋባት ሌላ።"

ስለዚህ ጥንድ በሬና ሞፈር ሳልኩ። እህቴ ቅዳሜ የምትለብሰውን ቀሚስ ልታሳየኝ መጥታ አየችውና "አንቺ፣ እነዚህ በሬዎች ናቸው አህዮች?" ብላ ሳቀችብኝ። እሷ ስለ አያታችን አታውቅም። እኔም አልነገርኳትም።

ሥዕሉ ሥር የአያቴን ስም ጻፍኩ። ትምህርት ቤት የቤተሰብ ስም ተብሎ እኔም የምጠራው በሱ ስም ነው። አይቼው አላውቅም፣ ፎቶም የለንም። አሁን ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር አንድ ሽበታም ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆዳ ይፍቃል። በስሙ ስጠራው አይዞርም።