ለዳንቴል ሲባል ስለተነቀለው ገመድ

ለተከበሩ አቶ ምልኬሳ ፈይሳ፣ የኮሌጃችን የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ደብዳቤ፣ የአዳማ ሙቀት እርስዎንም ቬንትሌተርዎንም ሳያደክም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ውዴ ጫምሳ ነኝ፤ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት የቢሮዎን ወለል የምወለውለው፣ ሰላምታዬን በአገጭዎ የሚመልሱልኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ስለሆነ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ ጉዳዩ ግን ቀጥ ያለ ነው።

የልጅ ልጄ ሶረቲ፣ በመጋዘንዎ ተጥሎ የከረመ አሮጌ ኮምፒውተር አንስታ፣ ማሽኑን ከሥር ሆኖ የሚያዘውን ፕሮግራም ለመመረቂያዋ ከባዶ ጻፈች። በእርስዎ ፊርማ ወደቀች። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ስለ ጽዳት ፍቅርዎ። የተመራቂዎችን ፈተና ለማየት እንግዶች በሚመጡበት ማክሰኞ ጠዋት፣ «በፈተናው ክፍል ያለው ሽቦ ሁሉ ይነሳ፣ ጠረጴዛዎቹም ዳንቴል ይልበሱ» የሚል ትእዛዝ ጽፈው፣ ፈርመው በእጄ ሰጡኝ። ነቀልኩ። የማን ጠረጴዛ ነው ብዬ አልጠየቅሁም፤ እርስዎ ዘንድ መጠየቅ አልለመድኩም። ገመዱን ጠቅልዬ መጋዘን አስገባሁ፤ ቁልፉን እርስዎ ኪስዎ ከተቱት።

፪. ስለ ዕውቀትዎ። ያ ገመድ ሲሪያል ፖርት ከሚባለው የማሽኑ የጀርባ ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ሁለተኛው ማሽን የሚሄድ ነበር። ሶረቲ ኋላ እንዳስረዳችኝ፣ ፊደል በዚያ የሚያልፈው አንድ በአንድ፣ በሰልፍ ነው፤ ላኪና ተቀባይ በፍጥነቱ ካልተስማሙ የሚደርሰው ትርኪ ምርኪ ነው፤ ተቀባዩ ካልተዘጋጀም ፕሮግራሟ ፊደሎቹን ማቆያ ውስጥ ታስቀምጣለች እንጂ አትጥልም። ለእኔ ወዲያው ገባኝ፤ እኔም ፊደል የለየሁት እንዲሁ አንድ በአንድ ነውና። እርስዎ ግን ሁለት ዲግሪ ይዘው፣ ገመዱ የተነቀለበትን ማሽን «ዲዳ ነው» ብለው ሳቁ፤ እንግዶቹም ሳቁልዎ።

፫. ስለ ትዕግሥትዎ። በአንዱ ስክሪን ላይ አራት ገጾች ነበሩ፤ ቨርቹዋል ተርሚናል ትላቸዋለች። አንዱ ሲታይ ሌሎቹ ከኋላው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ለመቀያየር ሁለት ቁልፍ አብሮ መጫን ይበቃል። ፊት የነበረው ገጽ ከገመዱ ፊደል የሚጠብቀው ስለነበረ ባዶ ሆነ። ልጅቱ «መምህር፣ ሁለተኛውን ገጽ ልክፈትልዎ» ብትል፣ «ያልታየ የለም፤ ቀጣይ!» አሉ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኋላዎ ስወለውል አንድ ቀን ዞር ብለው ስላላዩኝ፣ ይህ እምነትዎ ከየት እንደመጣ ይገባኛል።

፬. ከሁሉ የላቀው ምስጋናዬ ስለ ፈተናው ለጻፉት ቃለ ጉባኤ ነው። «ተማሪዋ በራሷ ቸልተኝነት ገመዱን ሳታገናኝ ቀረበች» ይላል። ሶረቲ ይህን አንብባ ቤት ስትመጣ፣ የነቀለው እጅ የእኔ መሆኑን ነገርኳት። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ይህንንም ስጦታ ከእርስዎ ተቀብያለሁ።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። የተመራቂዎች ዝርዝር ዓርብ ከመዘጋቱ በፊት መጋዘኑን ከፍተው ገመዱን ይመልሱላት፤ በገመዱ በሁለቱም ጫፍ ማሽን ባለበት እንደገና ትፈተን። እንግዳ አያስፈልግም። ዳንቴሉን እኔው አነሳዋለሁ።

ስለ ሁሉም ገለቶማ እያልኩ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ ባጸዳሁት ወለል ቁጥር እጅ የምነሳዎ፣ የጫማዎን ዱካ ከማንም በላይ የማውቅ፣

ውዴ ጫምሳ
የጽዳት ሠራተኛ፣ አዳማ

ማስታወሻ፦ ትእዛዙን የጻፉባትን ወረቀት ከቆሻሻው ጋር የጣልኳት መስሎዎት እንደሆነ፣ አልጣልኳትም። ፊደል ሳላውቅ የሰጡኝን ወረቀት ሁሉ እጥል ነበር፤ ካወቅሁ ወዲህ አስቀምጣለሁ። ቀኑም ፊርማዎም በግልጽ ይነበባል። አንድ ቅጂ ለዲኑ አስገብቻለሁ፤ አንዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌያለሁ። ሰሌዳውን የማጸዳው እኔ ስለሆንኩ፣ ማንም እንደማያነሳው ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ።